ንጣቱ ያማረው ለማን ነው?

በኮልፌ ቀራንዮ ብዙ ግቢ ውስጥ ውሻ ቀን ይታሰራል፤ ማታ ይፈታል። ሌባ ካባረረ ስለ መልኩ የሚጨነቅለት እምብዛም ነው። ቡችላ ሲመረጥ ግን ነጩ ቶሎ ዓይን ይስባል። ለመሆኑ ያ ንጣት ያማረው ለማን ነው?

ነጭ ሁሉ አልቢኖ አይደለም። ፀጉሩ ነጥቶ አፍንጫው ከጠቆረ እንዲሁ ነጭ ውሻ ነው። የአልቢኖው አፍንጫና የዓይኑ ቆብ ሳይቀር ሮዝ ነው፤ ዓይኑ የገረጣ፣ ፀሐይ የማይችል።

እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ከጥቁር ዶበርማኖች አንዲት ነጭ ተወለደች። ስሟን ማን አሏት? ንግሥተ ሳባ! (የእኛዋን ንግሥት እዚያ ድረስ ወስደው ለውሻ ሰጧት፤ ይሁን እንግዲህ።) ከገዛ ልጇ ጋር አገናኟት፤ ነጩ ዘር በዚሁ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት፤ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ የሚታይ የአንድ ዘረ መል ጉድለት ነው። ከመረመሯቸው 20 ነጭ ዶበርማኖች 12ቱ ከቀለም ሴሎች የሚነሣ ዕጢ ነበረባቸው፤ ከ20ዎቹ ባለ ተራ ቀለም አንዱ ብቻ።

«ባያገናኟቸው እነዚያ ውሾች ጭራሹን አይኖሩም ነበር፤ ታዲያ ምን ተበደሉ?» የሚለን የፍልስፍና ተማሪ አይጠፋም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በሕይወት ያለውን ውሻ «ባትወለድ ይሻልህ ነበር» ለማለት እኛም አንደፍርም። ነገር ግን ጥያቄያችን ለውሻው መቼ ሆነና! ብርሃን የሚያመውን ዓይን አይቶ፣ «እንዲህ ያለ ጨምሩልኝ» ላለው ሰው ነው። አምሮቱ የእሱ፣ ዕጢው የውሻው ሆኖ ሳለ «ሕይወት ሰጠሁት» ማለት በእኛ አስተያየት የነጋዴ ምላስ ነው።

ማንም ሳያስበው ተወልዶ ኮልፌ ግቢ የገባው አልቢኖ ነገር ግን ይለያል። ያስወለደው ሰው የለም፤ ያሰረው ግን አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በከፍታ ላይ ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል። የቆርቆሮው አጥር ብርሃኑን መልሶ ይወረውራል። ሰንሰለቱ ሁለት ክንድ፣ የአጥሩ ጥላ እኩለ ቀን ላይ ስንዝር አይሞላ! ጥቁሩ ውሻ ምላሱን አውጥቶ ይችለው ይሆናል። ነጩ ዓይኑን ጨፍኖ ሲውል ባለቤቱ «ይሄ እንቅልፋም!» ብሎ ይስቅበታል። ኧረ ለመሆኑ፣ ያንን ሰንሰለት ከአጥሩ ፈትቶ በረንዳው ሥር ማሰር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?