ስለ መኪና ዋስትናና ስለ ባልንጀራ ነፍስ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ከወረታ አልፎ ወደ ይፋግ ሲዘልቅ ገበሬው ከብቱን እየነዳ፣ እናት ልጇን አዝላ የምትሄደው በዳሩ ነው። በቅርብ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ወጣት ግን ያገለገለ መኪና ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሩጫው ነው። ፍሬኑንና መሪውን ያላስመረመረ፣ ገንዘቡንም ሁሉ ለመኪናው ከፍሎ ለኢንሹራንስ ያላስቀረ ሰው ከአቅሙ በላይ ገዝቷል እንላለን።

አንዳንዱ «እግዚአብሔር ይጠብቀኛል፤ ኢንሹራንስ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኢንሹራንስ ስላለኝ ብፈጥንስ?» ይላል። ሁለቱም ባልንጀራቸውን ረስተዋል።

የሦስተኛ ወገን ዋስትና የሌለው ተሽከርካሪ በመንገድ እንዳይነዳ አዋጅ ቁጥር 799/2005 የከለከለው በመኪናው ለሚጎዳው ሰው አስቦ ነው። እንግዲህ ይህን ዋስትና መግባት ለማናውቀው መንገደኛ የምንከፍለው የፍቅር ዕዳ ነውና የእምነት ጉድለት አይባልም።

ለሁለተኛውም ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ይመልስለታል፤ በሬው ወጊ መሆኑ እየተነገረው ሳይጠብቀው የቀረ ሰው፣ በሬው ነፍስ ቢያጠፋ ባለቤቱ ራሱ በደለኛ ነው። የፎገራን ከብት የሚያረባ ሕዝብ ይህን ፍርድ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ፈጣን መኪናም ባልሠለጠነ እጅ ወጊ በሬ ነው። ኢንሹራንስ ካሣ ይከፍላል፤ የሞተውን ግን አያስነሣም፤ የገዳዩንም ኅሊና አያሳርፍም።

ስለዚህ ወላጆችና የነፍስ አባቶች ልጆቻችንን ከግዢው አስቀድመን እንምከር። ቸሩ አምላክ መንገደኛውንም ነጂውንም ይጠብቅልን፤ አሜን።