የቆሰለ ዓሣ አዋዋኝ

ፊንላንዳዊው ዓሣ አጥማጅ ላውሪ ራፓላ ፓይያኔ ሐይቅ ላይ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ ይባላል፤ አዳኝ ዓሣ ትንንሾቹ መንጋ ውስጥ ሲገባ መርጦ የሚይዘው አዋዋኙ የተዛነፈውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ከቡሽ ጠርቦ፣ በቸኮሌት መጠቅለያ ብርቅርቅ ወረቀት ሸፍኖ፣ በቀለጠ የፎቶ ፊልም ለብጦ የውሸት ዓሣ ሠራ። ዓሣ መምሰሉ ብቻ አልበቃም፤ የታመመ ዓሣ መምሰል ነበረበት።

ይህ የውሸት ዓሣ አገጩ ሥር ትንሽ ምላስ አለችው። ሲጎተት ውሃው ምላሷን እየገፋ ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል። ሚዛኑ ከተዛባ ግን ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ፈጠን አድርገው ከጎተቱት ይገለበጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ክሩ የሚታሰርባትን የአፍንጫ ቀለበት በፒንሳ ይዞ ከሚሸሽበት በተቃራኒ ማጠፍ። ወደ ግራ ከሄደ ወደ ቀኝ። በጣም በትንሹ፣ ዓይን በቅጡ የማያየውን ያህል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ጥሎ ማየት፣ እንደገና ማጠፍ። በእኛ ቋንቋ ዲበግ ማድረግ ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ፒንሳው ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ ውሸትን ሲመረምር ትልቁን ክብደት የሰጠው ለማታለል ፈቃድ ነው። ፒንሳ የያዘ ሰው ደግሞ ፈቃዱን መደበቅ አይችልም፤ ድካሙ በደንብ እስኪመስል ድረስ እያስተካከለ ነዋ! ቢሆንም ይሄን ውሸት ለማለት ይከብደኛል። ውሸት የሚያፈርሰው መተማመን ያስፈልገዋል፤ በእኔና በፓይክ መካከል ምን መተማመን አለ? እሱም ሣር ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያድነው። ጥልቅ ባሕር ውስጥማ ከራሱ ላይ የምታበራ ማባበያ አንጠልጥሎ የሚያጠምድ ዓሣ አለ። ለመብላት የሚያጠምድ ሰው ላይ የምለው የለኝም። ይዞ ለመልቀቅ ብቻ ማጥመድ ሌላ ነገር ነው፤ ስዊዘርላንድ በሕግ ከልክላዋለች፤ ልክ ናት ባይ ነኝ።

ወደ ሰው ስንመጣ ግን ነገሩ ይቀየራል። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። የአንድን ኖቲፊኬሽን ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ለሁለት ቡድን እንልካለን፤ ብዙ ሰው የነካው ይቀራል፣ ከዚያ እሱን ደግሞ ትንሽ እናጥፈዋለን። ቃሉ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ «አንድ ሰው ገጽህን አይቷል»፣ አዎ አይቷል። የሚያታልለው ውዝዋዜው ነው፣ «ተፈልገሃል» የሚለው። ስልኩ ደግሞ እናት የምትደውልበት፣ መርዶ የሚመጣበት ስልክ ነው። ሰው ድምፁን ሰምቶ የሚደነግጠው በዚያ ስለሚተማመን ነው፤ እኛ የምንበደረውም ያንን መተማመን ነው።

«ማንም አላስገደደውም፣ ራሱ ነው የሚነካው» ይሉኛል። ፓይኩም እኮ ራሱ ነው የሚነክሰው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ለምን እንደተላከ አብሮ ቢጻፍበት ይሠራል ወይ? «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚለው የባንክ መልእክት ምክንያቱ ቢጻፍበትም ያው ነው። የውሸት ዓሣ ላይ «ቡሽ ነኝ» ብሎ መጻፍ ግን አይቻልም።

በሚቀጥለው ሳምንት የምንሞክረው ጽሑፍ «እየጠበቁህ ነው» ይላል። ከሥሩ ባለው የአስተያየት ሣጥን ውስጥ «ማን ነው የሚጠብቀው?» ብዬ ጽፌያለሁ። እስካሁን መልስ የሰጠ የለም።