የባልንጀራን ኀዘን መስማት የማን ዕዳ ነው?

የሰው ሸክም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በትከሻ የሚሸከሙት ነው፤ ያየው መንገደኛ ሁሉ «ላግዝህ» ይላል። ሁለተኛው በልብ የሚሸከሙት ነው፤ ይህን ባለቤቱ ካልተናገረ ማንም አያየውም፤ ባለቤቱም «ደካማ ነው» እንዳይባል ፈርቶ አይናገረውም። በሀገራችን «ሆድ ይፍጀው» የሚባል ቃል አለ። ስለ ትዕግሥት በተነገረ ጊዜ የተመሰገነ ቃል ነው። ዳሩ ግን ሆድ ሁሉን መፍጀት አይችልም፤ ከኃይሉ በላይ የሆነውን በዋጠ ጊዜ ነገሩ ተመልሶ ባለቤቱን ይፈጀዋል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልቡ የቆሰለውን ሰው ማዳመጥ የሐኪምና የካህን ሥራ ብቻ ነውን? ወይስ በአንድ ክፍል የሚያድር፥ በአንድ ማዕድ የሚቀርብ ባልንጀራም ዕዳ አለበት? ዕዳ ካለበትስ ሳይማር ሊከፍለው ይችላልን? ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች «የአቻ ለአቻ ድጋፍ» እየተባለ፥ ተማሪ ተማሪን እንዲያጽናና ስለ ማሠልጠን በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ ከነገሩ ሥር ያለው ይህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በነፋስ ላይ እንዳይቀር ወደ አንድ ሀገር ማምጣት ይገባል። አበርገሌ በዋግ ኽምራ፥ ከሰቆጣ በስተ ሰሜን ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቅ ቆላ ነው፤ ፍየሉ በስሙ የሚጠራ፥ ሕዝቡም ኽምጣናንና ሌላውን ቋንቋ ይዞ የሚኖር ሀገር ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ዋግ ደረሰ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ቤቱንና ከብቱን ጥሎ በሰቆጣና በዙሪያዋ ተጠለለ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም፥ የተፈናቀለው ሁሉ ወዲያው ወደ ቀዬው አልተመለሰም። በዚያም ዓመት ክረምት ዝናም ስለ ቀረ ድርቅ በኀዘኑ ላይ ተጨመረበት።

ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ወጣት ፈተናውን አልፎ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ይሄዳል። ዘመዶቹ «አንተ እንኳ ተረፍህልን» ብለው ይሸኙታል። ይህ ቃል ምርቃትም ሸክምም ነው። ወጣቱ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ መጽሐፉን ይገልጣል፤ ዐይኑ በገጹ ላይ ነው፥ ልቡ ግን በመጠለያው ድንኳን ነው። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ ምሳ ሲቀርብ አይዋጥለትም፤ ውጤቱ ሲወርድ መምህሩ «ሰነፍ» ይለዋል። ለእናቱ እንዳይነግር በኀዘኗ ላይ መጨመር ይሆንበታል። ታዲያ ለማን ይንገር?

«ለአእምሮ ሐኪም ይንገር» ማለት ቀላል ነው። ዳሩ ግን በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በካናዳ ያለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እየረዳ፥ የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊስት ትምህርት እስኪከፈት ድረስ ይህን ሙያ የፈለገ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የባለሙያው ቁጥር ቢጨምርም ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። ሐኪሙን ብቻ ይጠብቅ ማለት እንግዲህ ለብዙው ወጣት ብቻውን ይቅር ማለት ይሆናል።

ሐኪም ባነሰበት ሀገር ሥራውን ከፍሎ ለሌላው ማስተማር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ሕዝቡ አይሙት ብሎ የጤና መኮንኖችን፥ የጤና ረዳት እኅቶችንና የንጽሕና ጠባቂዎችን አብሮ አስተማረ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ሥር የበቀለ ነው። በውጭም ሀገር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 በእንግሊዝ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሌሊት ልቡ የተጨነቀውን ባልንጀራቸውን በስልክ ማዳመጥ ጀመሩ። በዚምባብዌም ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ2006 በሐራሬ ከተማ አሮጊቶችን አስተምሮ በጤና ጣቢያ ግቢ በአግዳሚ ወንበር አስቀመጣቸው፤ ኀዘንተኛውም መጥቶ ከአጠገባቸው እየተቀመጠ ይነግራቸው ጀመር። የሀገሩ ሰው ሕመሙን የሚጠራበት ቃል «ሐሳብ ማብዛት» እንደ ማለት ነው፤ በአማርኛም «ሐሳብ በዛበት» ይባላልና ኀዘን በየሀገሩ የሚናገረው ቋንቋ የተቀራረበ ነው። በ2016 የታተመ ጥናት በእነዚያ አሮጊቶች የተረዱት ሰዎች ካልተረዱት ይልቅ ጭንቀታቸው እንደ ቀነሰ ገለጠ።

በዚህ ላይ ግን ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። «ያልተማረ ሰው የልብን ቁስል ቢነካ ያመረቅዘዋል፤ ራሱ መንገድ ያልለየ ሌላውን ሊመራ አይችልም» ይላል። ለዚህ ተቃውሞ የኢዮብን ወዳጆች ማሰብ መልካም ነው። ኤልፋዝ፥ በልዳድና ሶፋር ወዳጃቸው መከራ እንዳገኘው በሰሙ ጊዜ ከየሀገራቸው መጡ፤ ኀዘኑ እጅግ ብርቱ እንደ ሆነ ባዩ ጊዜ 7 ቀንና 7 ሌሊት በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ፥ አንድ ቃልም አልተናገሩትም። እስከዚህ ድረስ ከእነርሱ የሚሻል አጽናኝ አልነበረም። ጥፋታቸው የተጀመረው አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት፥ ኃጢአቱንም ሊፈልጉለት ጀመሩና ኀዘንተኛውን ተከሳሽ አደረጉት። ዕውቀት አጥተው አልነበረም፤ ዕውቀታቸውን ያለ ስፍራው አውጥተው ነው እንጂ።

እንግዲህ ተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው። ያልሠለጠነ አጽናኝ ይጎዳል፤ የሚጎዳው ግን በመቅረቡ ሳይሆን በምላሱ ነው። ስለዚህ ለተማሪ የሚሰጠው ሥልጠና ትንሽ ሐኪም ሊያደርገው አይገባም። የሰባቱን ቀን ዝምታ አስተምሮት፥ ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ክርክር ሊከለክለው ይገባል። «ዝም አይነቅዝም» ተብሏልና፥ «አይዞህ፥ ከአንተ የባሰ አለ» ከሚል ችኩል ማጽናኛ ዝም ብሎ የሚሰማ ጆሮ ይበልጣል። «የባሰ አለ» የተባለ ሰው ኀዘኑ አይቀንስለትም፤ ማዘኑን ያፍርበታል እንጂ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣው መምሪያ መከራ ላገኘው ሰው የሚደረገውን የመጀመሪያ ርዳታ በ3 ቃል ጠቅልሎታል፤ ማየት፥ ማዳመጥ፥ ማገናኘት። ማየት ማለት ጓደኛው ከማዕድ እንደ ቀረ፥ ከሰው እንደ ተለየ፥ ልብሱንና ትምህርቱን እንደ ናቀ ማስተዋል ነው። ማዳመጥም ከቃሉ በታች ያለውን መስማት ነው። በቅኔ ሰም አለ፥ ወርቅ አለ፤ ሰሙን ብቻ የሰማ ቅኔውን አልሰማም። ተማሪውም «ራሴን አመመኝ» ሲል ሰሙ ራስ ምታት ነው፤ ወርቁ ግን ከ3 ወር ወዲህ ድምፁ ያልተሰማ ወንድም ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን የቅኔ ተማሪ ወርቁን ለማውጣት እንደሚቸኩል አጽናኙ ሊቸኩል አይገባውም። ያየውን መከራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲተርክ ኀዘንተኛውን ማስገደድ እንደማይጠቅም፥ አንዳንድ ጊዜም እንደሚጎዳ በጥናት ታውቋል። ወርቁ የባለቤቱ ነው፤ ሲፈልግ ይገልጠዋል።

ማገናኘት የተባለው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በዚህ ስፍራ የምስጢር ጥያቄ ይመጣልና። የነፍስ አባት የሰማውን ኑዛዜ እንዳያወጣ በሥርዓት የታሰረ ነው። ተማሪው ግን ካህን አይደለም፤ ያልተሰጠውን ማኅተም እንደ ተሰጠው ሆኖ ቢምል ራሱንም ባልንጀራውንም ያታልላል። ስለዚህ ገና ነገሩ ሳይጀመር «የምትነግረኝን ለማንም አላወራም፤ ሕይወትህ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ሊረዳ ለሚችል ሰው እናገራለሁ፥ ስናገርም ለአንተ ሳልነግር አላደርገውም» ብሎ ወሰኑን ማስታወቅ አለበት። ባልንጀራው መኖር እንደ ሰለቸው በንግግሩ ቢያመለክት፥ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደ ሆነ በግልጥ ሊጠይቀው ይገባል። ብዙ ሰው «ብጠይቀው አሳስበዋለሁ» ብሎ ይፈራል፤ ጥናት ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይዘራ፥ ይልቁንም የተጨነቀውን እንደሚያሳርፍ አስረድቷል። መልሱ «አዎን» የሆነ እንደ ሆነ ብቻውን አይተወውም፤ ሐኪም ወይም ኀላፊ ወዳለበት አብሮት ይሄዳል። በዚያን ጊዜ «ምስጢሬን አወጣህ» ተብሎ ሊጠላ ይችላል። በሕይወት ያለ ወዳጅ ቂሙን አንድ ቀን ይተዋል፤ ዝም በመባሉ የሞተ ወዳጅ ግን ይቅርታ የሚጠይቁት አይደለም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ከአበርገሌ የመጣው ተማሪና ከተከዜ ማዶ የመጣው ተማሪ አልጋቸው ተጎራብቶ ሊገኝ ይችላል። የዚህም ወንድም ሞቷል፥ የዚያም ወንድም ሞቷል። አንዱ ሌሊት ሲቃዥ ሌላው ይሰማል። ቤቱ የጠፋበት ሰው ከጠላቱ ወገን የሚቆጥረውን ሰው ኀዘን የመስማት ዕዳ አለበትን? ይቅርታ በትእዛዝ አይመጣም፤ ፍርድም የራሱ አደባባይ አለው። ዳሩ ግን ለማዳመጥ አስቀድሞ ይቅር ማለት ግድ አይደለም፤ ግድ የሚሆነው የታመመውን ሰው ስለ ጦርነቱ መልስ ስጥ አለማለት ነው። ይህንም ያህል ኃይል ያጣ ተማሪ «እኔ ዛሬ አልችልም፤ የሚችል ሰው ልጥራልህ» ቢል ዕዳውን ከፍሏል። አልችልም ማለትን ያላስተማረ ሥልጠና ጎዶሎ ነው። እንዲሁም በኽምጣና ያዘነ ልብ በሌላ ቋንቋ ሲናገር ከኀዘኑ ግማሹን በመንገድ ይጥላልና፥ ከአጽናኞቹ መካከል የየሀገሩን ቋንቋ የሚያውቁ እንዲገኙ ማድረግ ይገባል።

ጸበል የሚጠመቀውን ባልንጀራም አጽናኙ ሊነቅፈው አይገባም፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት አቋርጥ የሚለው ሰው ቢገኝ ግን ሁለቱ እንደማይጣሉ ሊነግረው፥ ወደ ሐኪሙም ሊመልሰው ይገባዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል፤ እርሱም ለተማሪው ሳይሆን ለሹማምንቱ ነው። የተማሪ ጆሮ ዋጋ ስለማይከፈልበት ርካሽ መስሎ ይታያል። ዩኒቨርሲቲው 20 ተማሪ ለጥቂት ቀን አሠልጥኖ፥ የምስክር ወረቀት ሰጥቶ «የአእምሮ ጤናን አቋቋምን» ቢል፥ የራሱን ዕዳ በልጆች ትከሻ ላይ አራግፏል። የሐራሬ አሮጊቶች ከበስተኋላቸው የሚመክራቸውና የከበደውን በሽተኛ የሚቀበል ሐኪም ነበራቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» መባሉ ሎሚው ለሃምሳ ስለ ተካፈለ ነው፤ ሃምሳው ሎሚ ከአንዱ ኀዘንተኛ ወደ አንዱ አጽናኝ ቢዛወር ሸክሙ ስፍራ ለወጠ እንጂ አልተከፈለም። አጽናኙም በየሳምንቱ የሰማው የከበደበትን የሚያማክረው ዐዋቂ ሊኖረው ይገባል። የሚያገናኝበት በር ሳይኖር «አገናኝ» ማለት፥ ድልድይ በሌለበት ወንዝ ሰውን እየመሩ መውሰድ ነው።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል በዚያው በዋግ ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተጠርቷል። ስሙ በረኃብ ከተፈተነ ሀገር መወሰዱ የሚገባ ነው። ያ ሀገር በዳቦ እጦት ብቻ እንዳልተፈተነ ግን ልጆቹን የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሊያውቁ ይገባል።

እንግዲህ የባልንጀራን ኀዘን መስማት የማን ዕዳ ነው? መፈወስ የሐኪም ዕዳ ነው፤ ሐኪሙንና በሩን ማዘጋጀት የዩኒቨርሲቲው ዕዳ ነው። የታመመውን አይቶ አለማለፍ፥ ሰምቶ አለመፍረድ፥ እስከ በሩም አብሮ መሄድ ግን በአጠገቡ የሚያድረው የባልንጀራው ዕዳ ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የተባለውም እያንዳንዱ ሰው መጠኑን ዐውቆ በቆመ ጊዜ ይፈጸማል። ዛሬ ማታ ከማዕድ የቀረ ጓደኛ ያለው ተማሪ ሥልጠናው እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ሄዶ ከአጠገቡ ይቀመጥ፤ ምላሱንም ይጠብቅ።