የከዋክብት መዝገብና የሚዛን አደራ

ከዋክብትን በየስፍራቸው ላቆመ፥ ለፍጥረቱም ሁሉ ልክን ለወሰነ ለአላህ ምስጋና ይገባዋል። በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ሰላትና ሰላም ይውረድ።

ከዚህ በማስከተል፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ነጋዴ በመደብሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይኖረዋል። አንዱ በገንዘቡ የገዛው ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ሰው አምኖት በአደራ ያስቀመጠበት ነው። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በመዝገቡ ላይ ግን ሊቀላቀሉ አይገባም። ባለመደብሩ ድንገት ቢሞት፥ የትኛው የአባታቸው፥ የትኛው የሰው እንደ ሆነ ልጆቹ በምን ያውቃሉ? በመዝገቡ ብቻ ነው። ይህን የምታውቁትን ነገር ይዛችሁ ወደ ሰማይ እንድትመለከቱ እጠይቃችኋለሁ፤ ከዋክብትን የመዘገቡ ሰዎችም በዚሁ ነገር ተፈትነዋልና።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ፦ «ኮከብ መመልከት የጠንቋዮች ሥራ አይደለምን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በኮከብ የሰውን ዕድል እናውቃለን የሚሉትን እንዳንከተል ሃይማኖታችን ከልክሎናል፤ የሩቁን ምሥጢር የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። የኮከብን ስፍራ መለካት ግን ሌላ ነው። ከዋክብት በየብስና በባሕር ጨለማ ለመንገደኛ መሪ መሆናቸውን ቁርአን ያስታውሰናል፤ የቂብላን አቅጣጫና የሰላትን ሰዓት ለማወቅም ሊቃውንቶቻችን ሰማይን ለክተዋል። ኢብኑ ሻጢር በደማስቆ በኡመያዎች መስጊድ የሰላት ሰዓት ወሳኝ ሆነው ሲያገለግሉ፥ በ773 ዓመተ ሒጅራ፥ ማለት በ1371 እ.ኤ.አ.፥ ለሚናራው የፀሐይ ሰዓት ሠርተዋል። በመስጊድ ውስጥ ሰማይን ይለኩ የነበሩት እኒህ ሰው ጠንቋይ አልነበሩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ291 ዓመተ ሒጅራ (በ903 እ.ኤ.አ.) በፋርስ አገር በረይ ከተማ ተወለዱ። ለንጉሡ ለዐዱድ አድ-ደውላ ሰማይን የሚመረምሩ ሊቅ ነበሩ፤ ስለ ቋሚ ከዋክብት የሚናገረውንም ታላቅ መጽሐፋቸውን በ964 እ.ኤ.አ. ገደማ ጻፉ። ከእርሳቸው በፊት ሰው ሁሉ የሚደገፍበት መዝገብ፥ በሁለተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው በጥሊሙስ በአልመጀስጢ መጽሐፉ የተወው ነበር፤ በውስጡም 1022 ከዋክብት ተቈጥረዋል። ብዙዎች ይህን እየገለበጡ ሰማይን የሚያሳይ ሉል ይሠሩ ነበር። አስ-ሱፊ በመጽሐፋቸው መግቢያ ላይ የወቀሷቸው እነዚህን ሰዎች ነው፤ ኮከቡን በዓይናቸው ሳያውቁ ከመጽሐፍ ወደ ሉል ያዛውሩ ነበርና።

ወንድሜ ሆይ፥ ይህ ወቀሳ ከባድ የሆነው ለምን ይመስልሃል? ገልባጭ የቀደመውን ሰው ስሕተት ይወርሳል፤ ከዚያም ያንኑ ስሕተት የራሱ ምስክርነት አስመስሎ ያቀርበዋል። ጆንያውን ከሚዛን ላይ ሳያወጣ «መዝኜዋለሁ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ከዚህ በምን ይለያል?

አስ-ሱፊ እያንዳንዱን ኮከብ በሰማይ ላይ ፈለጉ። የብርሃኑን መጠን በስድስት ደረጃ መደቡ፤ በሁለት ደረጃዎች መካከል የወደቀውንም ጥቂት የሚያንስ ወይም ጥቂት የሚበልጥ እያሉ ለዩት፤ እናንተ ቡናን በዓይነቱ እንደምትለዩት ማለት ነው። ከበጥሊሙስ ጋራ ያልተስማሙበትን ስፍራ ሳይሸፍኑ አስታወቁ። የከዋክብቱንም ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ሣሉ፤ አንዱ ከምድር ሆኖ ወደ ሰማይ ለሚያይ፥ ሁለተኛው ሉሉን ከውጭ ለሚያይ ነው። አንዲትንም ጭጋግ የመሰለች ትንሽ ደመና መዘገቡ። ያች ደመና ዛሬ አንድሮሜዳ የምትባለው ናት፤ ብርሃኗ ወደኛ ለመድረስ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ዓመት የሚፈጅበት፥ እጅግ ብዙ ከዋክብት የተከማቹባት ዓለም መሆኗን የኋላ ሰዎች ደረሱበት። እርሳቸው ይህን አላወቁም፤ ያዩትን ብቻ ጻፉ።

ነገር ግን የከዋክብቱን ስፍራ በቍጥር ለመስጠት ሁሉን እንደ አዲስ አልለኩም። ሊቆም የተቃረበ እንዝርት ራሱን እያወዛወዘ ክብ እንደሚሠራ፥ የምድርም ዋልታ በ26,000 ዓመት ያህል አንድ ክብ ይሠራል፤ ስለዚህ ከዋክብት በመዝገብ ላይ ካለው ስፍራቸው በዝግታ ወደ ምሥራቅ የሚሸሹ ይመስላሉ። በዚያ ዘመን ይህ ሽሽት በ66 ዓመት አንድ ድግሪ ነው ይባል ነበር። አስ-ሱፊም በዚሁ ሒሳብ በበጥሊሙስ ቍጥሮች ላይ 12 ድግሪ ከ42 ደቂቃ ጨመሩ፤ መጨመራቸውንም በግልጽ ጻፉ። ዛሬ ልኩ በ72 ዓመት አንድ ድግሪ ያህል መሆኑ ታውቋል። ጭማሪው ከነምክንያቱ ስለ ተመዘገበ፥ ከእርሳቸው በኋላ የመጣ ሰው ያንን ቀንሶ ሒሳቡን እንደገና ሊሠራ ይችላል። በስውር የተጨመረ ቢሆን ኖሮ ማን ያገኘው ነበር?

ከዚህ በኋላ አራት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል አለፈ። የቲሙር የልጅ ልጅ የሆኑት ኡሉግ ቤግ በሰማርቀንድ መድረሳ ሠሩ፤ ቀጥለውም በ1420ዎቹ እ.ኤ.አ. የከዋክብት መመልከቻ ቤት አሠሩ። ጀምሺድ አል-ካሺ፥ ቃዲ ዛዳና ዐሊ ቁሽጂ አብረዋቸው ነበሩ። በመዳፍ በሚያዝ ኡስጡርላብ ላይ አንድ ድግሪ ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ እጅ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ልኩ ይጠፋል። በሰማርቀንድ ግን ከማዕከሉ እስከ ጠርዙ 40 ሜትር ያህል የሆነ ቅስት፥ ከፊሉን ከምድር በታች በዓለት ውስጥ ቆፍረው አቆሙ። በእርሱ ላይ አንድ ድግሪ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ። በቀትር የፀሐይ ብርሃን በቀዳዳ ገብቶ በተከፋፈለው ደንጊያ ላይ ሲወድቅ ያነቡት ነበር፤ ለከዋክብቱ ደግሞ ሌሎች መሣሪያዎች ነበሯቸው። የዓመቱን ርዝመት 365 ቀን ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ አደረጉት። ፀሐይ ወደዚያው ኮከብ ዘንድ እስክትመለስ ያለው ዓመት ከዚህ የሚለየው በአንድ ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው።

በ841 ዓመተ ሒጅራ (በ1437 እ.ኤ.አ.) መዝገባቸው ሲፈጸም 1018 ከዋክብትን ያዘ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ኡሉግ ቤግ ንጉሥ ነበሩ፤ መዝገቡ ሁሉ የእኔ ነው ቢሉ የሚከራከራቸው አልነበረም። እርሳቸው ግን ከሰማርቀንድ የማይታዩ 27 ከዋክብት በስተ ደቡብ መኖራቸውን፥ የእነዚህንም ስፍራ ከአስ-ሱፊ መጽሐፍ መውሰዳቸውን ጻፉ። ዘመኑ የሚጠይቀውን ጭማሪ አደረጉላቸው እንጂ እንደ ራሳቸው ልኬት አልቈጠሯቸውም።

ሁሉን አመስግኜ ልለፍ አልልም፤ የመጽሐፋቸው አራተኛ ክፍል ስለ ኮከብ ትንቢት ይናገራልና። ያን አንቀበልም፤ የለም ብለንም አንደብቅም።

በ1449 እ.ኤ.አ. በገዛ ልጃቸው ምክንያት ተገደሉ፤ የመመልከቻው ቤትም ፈረሰ። በ1908 ቫያትኪን የተባለ ሩሲያዊ መርማሪ ፍርስራሹን ሲያገኝ ከታላቁ ቅስት የተረፈው በዓለት ውስጥ የተቆፈረው ክፍል ነበር። መዝገቡ ግን አልጠፋም። ዐሊ ቁሽጂ ወደ ኢስታንቡል ሄደው ትምህርቱን አስፋፉ፤ የከዋክብቱም ሰንጠረዥ በ1665 በኦክስፎርድ ታተመ። በእኛ ዘመን የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2013 ያመጠቃት ጋያ የተባለች መንኰራኵር እስከ 2025 መጀመሪያ ሰማይን ስትለካ ቆይታለች፤ በ2022 የወጣው መዝገቧ 1.8 ቢሊዮን ያህል ከዋክብትን ይዟል። በስፍራቸው ቍጥር አጠገብም ልኬቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ተጽፏል።

እንግዲህ በጥር ወር ሰማዩ በጠራበት ሌሊት፥ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፥ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ። ከቋሚ ከዋክብት ሁሉ አብልጦ የሚያበራውን ሺዕራን ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ከእርሱ ወደ ደቡብ ዓይናችሁን ወደ አድማሱ ዝቅ ስታደርጉ፥ በብርሃን ሁለተኛ የሆነውን ሱሄይልን ታያላችሁ። ሱሄይል በሰማርቀንድ ከአድማስ በላይ አይወጣም፤ ከሃያ ሰባቱም አንዱ እርሱ ነበር። ኡሉግ ቤግ ያን ሁሉ መሣሪያ አቁመው ሊያዩት ያልቻሉትን፥ ከአስ-ሱፊ በአደራ የተቀበሉትን ኮከብ፥ እናንተ ከደጃችሁ ቆማችሁ ታሳዩአቸዋላችሁ።