ጆሮ ከእጅ ይቀድማል

ፕሌቶ «ሜኖን» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ያነሣል። የማታውቀውን ነገር እንዴት ብለህ ትፈልገዋለህ? በድንገት ብታገኘውስ የፈለግኸው እሱ መሆኑን በምን ታውቃለህ? እዚያ ላይ ክርክሩ ስለ በጎነት ነው። ሆኖም ማታ የጻፈውን ታሪክ ጠዋት አንሥቶ ለሚያነብ ሰው ከዚህ የባሰ ጥያቄ የለም። ጉድለቱ የሚታየኝ ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን እንደዚያ አድርጌ ጻፍኩት? የማይታየኝ ከሆነስ እንዴት አቃናዋለሁ? የድርሰት ሙያ ይሻሻላል የምንል ሁሉ ለዚህ መልስ ሊኖረን ይገባል።

አብዛኛው ሰው ጥያቄውን የሚያልፈው «ተሰጥኦ ነው» ብሎ ነው። ፕሌቶም ራሱ «አዮን» በተባለው ሌላው ድርሰቱ፣ ባለቅኔ የሚናገረው በሙያ ሳይሆን አምላክ ሲያድርበት ነው የሚለውን ሐሳብ በሶቅራጥስ አፍ ያስነግራል። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። ተሰጥኦ የሚባል ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ ግን መልሱ ጎበዙን ያሰንፈዋል፣ ጀማሪውን ደግሞ ገና ሳይሞክር ያስቀረዋል። እንደ «አደፍርስ» ያለ ማንንም የማይመስል ልብ ወለድ የጻፈው ዳኛቸው ወርቁ እንኳ የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ አዘጋጅቷል። ሙያው ሊማሩት እንደሚቻል ባያምን ኖሮ ምን አደከመው?

መልሱን እኔ የማገኘው ከሕፃናት ነው። ልጅ ተረት መናገር ከመቻሉ በፊት ተረት መዳኘት ይችላል። አያቱ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብሎ የተቀበለ የአምስት ዓመት ልጅ፣ የትናንቱ ጅብ ዛሬ በሌላ በር ሲገባ «እንደሱ አይደለም!» ብሎ ያስቆማታል። እንቅልፍ አሸንፏት አንድ ቦታ ብትዘል ያውቅባታል። «እስቲ አንተ ንገረን» ቢባል ግን «ከዚያ… ከዚያ ደግሞ…» እያለ ጅቡን ከጦጣው ያደባልቀዋል። ዳኝነቱ ከችሎታው ቀድሞ መጥቷል። በፕሌቶ ድርሰት ውስጥ ያንን ጥያቄ የሚያነሣው ሜኖን ያላሰበው ይህንን ይመስለኛል፦ ልንሠራው የማንችለውን ነገር ስንሰማው እናውቀዋለን። ስንጽፍ ያልታየን ጉድለት ስናዳምጥ የሚታየን ለዚህ ነው። በምንጽፍበት ሰዓት የምንሰማው ያሰብነውን እንጂ ወረቀቱ ላይ ያረፈውን አይደለም።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረሰ ሰው ጡረታ ወጣ እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመጣል፦ «ሰውየው ጡረታ ከወጣ በኋላ ሕይወቱ ባዶ ሆነበት፤ ከባድ ሐዘን ተሰማው።» አንባቢ ይህን ሰምቶ ያልፋል፤ የሚይዘው ነገር የለውም። ጸሐፊው እንደገና ሞከረ፦ «በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። ጫማውን ቀባ፤ ከረባቱን አሰረ። በረንዳው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።» አሁን ሰውየውን አየነው። ፈተናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እጅ «የሚሄድበት አልነበረውም» ብሎ መጨመር ያምረዋል። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ እውነትም ነው። የሚበድለው አንባቢውን ነው። ከረባቱንና በረንዳውን አገናኝቶ ራሱ ሊደርስበት የነበረውን ቀድሞ ይነጥቀዋል።

«አሳይ እንጂ አትንገር» የሚለው ምክር ይህን ሁሉ ይሸፍናል የሚል ይኖራል። አይሸፍንም። ታሪኩን የምትነግረን የሰውየው ትንሽ ልጅ ብትሆን፣ አባቷን በር ላይ ቆማ እያየች «አባዬ የሚሄድበት የለውም» ብትል፣ ያው ዓረፍተ ነገር የታሪኩ ልብ ይሆናል። ሕጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚናገረው አፍ ነው። ይህን የሚለይ ደንብ አላውቅም። የሚለየው የሠለጠነ ጆሮ ነው።

ጆሮ እንዴት ይሠለጥናል ለሚለው የኛ አገር የቅኔ ጉባኤ ቤት ብዙ ዘመን የተፈተነ መልስ አለው። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ካጠና በኋላ ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና፣ ኋላ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ የኔታም ሰምተው የጎደለውን ያቃኑለታል። ነገ ግን አዲስ ይዞ መምጣት አለበት፤ የትናንቱን መድገምም ሆነ የሌላውን መውሰድ ነውር ነው። በትምህርቱ ዓመታት ከተቆጠረው ቅኔ አብዛኛው አልተጻፈም፤ ተነግሮ ጠፍቷል። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። የተሻሻለው ቅኔው አልነበረም፤ ተማሪው ነው። የኔታ ዛሬ ያረሙትን ነገ ተማሪው ገና ሲቆጥር ራሱ ይሰማዋል፤ የመምህሩ ጆሮ ወደ እሱ ተሻግሯል ማለት ነው። የዛሬ ደራሲ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። አንድ ረቂቅ አቅፎ ዓመታት ይቀመጣል፤ ለማንም አያነብም፤ መጽሐፉ እንዲሻሻል ይፈልጋል፣ እሱ ራሱ ግን ያው ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ በመሰሉ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ያለፉ ሰው ነበሩ። በ1902 ዓ.ም. ተወልደው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ጦርነት፣ በጣሊያን አገር ግዞትና የዲፕሎማሲ ሥራ አለ። መጽሐፉን ትልቅ ያደረገው ቅኔው ብቻ ነው አልልም። ሆኖም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያዳመጠ ሰው፣ እነዚያ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ከአፍ ሲወጡ የትም እንደማይሰናከሉ ያውቃል። ለጆሮ የተጻፈ መጽሐፍ ነው።

አብዛኞቻችን የኔታ የለንም። ያሉን ጓደኞች ናቸው፣ ጓደኞቻችን ደግሞ ደጎች ናቸው። ጓደኛችሁ ረቂቁን ይዞ ሲመጣ «ቆንጆ ነው» ብላችሁ አትሸኙት። ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። እንዴት መጻፍ እንዳለበት አትንገሩት፤ ማመን ያቆማችሁበትን መስመር ብቻ በጣታችሁ አሳዩት።