በረኛው ያዳነውን ማን ይቁጠርለት?

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው ያሰብነው ጥያቄ ከኳስ ሜዳ የመጣ ነው። ሆኖም ነገሩ ኳስ የማይወደውንም ሰው የሚነካ ስለ ሆነ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን እንለምናለን።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ማለቂያ ላይ ከነቀምቴ ተነሥተን ወደ ስሬ ሄደን ከዚያ ከሚገኙ ወጣቶች ጋር የወዳጅነት ግጥሚያ አድርገን ነበር። ዝናብ ዘንቦ ስለ ነበር ሜዳው ጭቃ ሆኗል። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከሩቅ የተመታች ቀላል ኳስ ከበረኛችን እጅ አምልጣ በእግሮቹ መካከል ገባች። 1 ለ 0 ተሸነፍን። ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ማንም አጠገቡ አልተቀመጠም። እንዲያውም «ወንፊት» የሚል ስም አወጣንለትና እስክንደርስ ድረስ ሳቅንበት። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሜው ጨዋታ ቀረ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከመዘምራኑ መካከልም ቦታው ባዶ ሆነ።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ይቅርታ ልንጠይቀው ተሰብስበን ወደ ቤቱ ሄድን። ቡና አፍልቶ ተቀበለን። ሲያዳምጠን ቆይቶም «የገባችውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ ቀን ያዳንኳቸውስ ስንት ነበሩ?» ሲል ጠየቀን። እርስ በርሳችን ተያየን። መልስ የነበረው ሰው ከመካከላችን አልተገኘም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ሥራው ክፉ ነገር እንዳይገባ መከልከል የሆነ ሰው በምን ይመዘን? ባመለጠው ነው ወይስ በያዘው?

እንደሚታወቀው አጥቂ ዐሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ በትከሻ ላይ ይወጣል። በረኛ ዐሥር ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ቢስት አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጎል ሲገባ አንድ ነገር ሆኗል፤ ኳሷ ስትያዝ ግን ምንም እንዳልሆነ ይቆጠራል። ያልሆነ ነገር ደግሞ ለዐይን አይታይም፤ ምስጋናም አያስገኝም። በወለጋ ገጠር ያደግን ሁሉ የበቆሎ ጠባቂን እናውቃለን። ማማው ላይ ወጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽና ወንጭፍ ሲወነጭፍ ያድራል። ከርከሮ ሳይገባ በነጋበት ቀን «እግዜር ይስጥህ» የሚለው የለም። ከርከሮ የገባበት ማለዳ ግን «ተኝተህ ነው» ይባላል።

ደግሞም በልጅነታችን በረኛ እናደርገው የነበረው ማንን እንደ ሆነ እናስታውስ። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ ልጆች ሁለት ድንጋይ አኑረው የጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ በር ላይ የሚቆመው ትንሹ ወይም መሮጥ የማይችለው ነው። ማንም ያልፈለገውን ቦታ ሰጥተነው ስናበቃ ከሁሉም የከበደውን ኃላፊነት እንጭንበታለን።

የአገራችንም የኳስ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ካገቡት መካከል ሉቻኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል። በዚያ ጨዋታ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ነበር። መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 አልቆ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሲያልፍ፣ አንድ ኳስ ቀድማ ብትገባ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። በር ላይ የቆመው ጊላ ሚካኤል ተክለ ማርያም ነው። ስሙን ከእኛ መካከል ስንቶቻችን እናውቅ ነበር?

ልክ በ51ኛው ዓመት፣ በዚያው በጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ተጫወተ። በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። በጎዶሎ ቡድን አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን። በሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ሲሳይ ባንጫ ብዙ ሰዓት መክቶ ከቆየ በኋላ በመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠበት፤ በሁለተኛውም በቀይ ካርድ ወጣ። ተቀያሪ ማስገባት ስለማይቻል አማካይ ተጫዋቹ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ። ኳሷም ገባች።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አዲስ ህንጻን በዚያች ጎል የወቀሰ ሰው አልሰማንም። ሁሉም አዘነለት እንጂ። በሩ ያው በር፣ ኳሷም ያችው ኳስ ናት። የተለየው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱ በረኛ አልነበረም። እንግዲህ ወቀሳችን ኳሷን ተከትሎ የሚሄድ አይደለም፤ አደራን ተከትሎ የሚሄድ ነው። በረኛውን አጥብቀን የምንወቅሰው አጥብቀን ስላመንነው ነው ማለት ነው። ይህ ከሆነ በወቀሳው ውስጥ የተሰወረ አክብሮት አለ። ታዲያ አክብሮቱን ደብቀን ወቀሳውን ብቻ ለምን እንሰጠዋለን?

አጎቱ ካናዳ የሚኖር አንድ ወንድማችን ይህን ስንወያይ ሰምቶ በዚያ አገር በበረዶ ላይ ስለሚጫወቱት ሆኪ አጫወተን። በዚያ ጨዋታ ኳስ የለም፤ በዱላ የሚመታው ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ነው። የድሮዎቹ በረኞች ያን በፊታቸው ላይ ምንም ሳይሸፍኑ ይጠብቁት ነበር። ግሌን ሆል የሚባለው ከ1955 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በተከታታይ 502 የሊግ ጨዋታ ያለ ጭንብል ቆሟል። ይህ ሰው ከጨዋታ በፊት ከጭንቀት የተነሣ ያስመልሰው እንደ ነበር ይታወቃል። ዣክ ፕላንት ደግሞ በኅዳር 1959 እ.ኤ.አ. ፊቱን ተመትቶ ከተሰፋ በኋላ ጭንብሉን ካላጠለቀ ወደ ሜዳ እንደማይመለስ ለአሠልጣኙ ነገረው። ጭንብል የፍርሃት ምልክት ይመስላቸው የነበሩ ብዙዎች ነበሩ። ቡድኑ ግን በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫውን አነሣ። እንግዲህ የበረኛ ድፍረት ፍርሃት አለመኖሩ አይደለም፤ እየፈሩ በበሩ መቆም ነው።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን ሌላ ነው። በሆኪ ጎል ሲገባ ከበረኛው ጀርባ ቀይ መብራት ይበራል። ሲያድን የሚበራ መብራት የለም። ነገር ግን የጨዋታው መዝጋቢዎች የተመታበትንና ያዳነውን አንድ በአንድ ይጽፋሉ። ጥሩ በረኛ ከ100 ምት ከ90 በላይ ያድናል። ያንኑ ሰው «8 አስገባ» ማለትም ይቻላል፤ «92 አዳነ» ማለትም ይቻላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። መብራቱን ብቻ የሚያይ ሰው ግን ግማሹን እውነት ይዞ ይሄዳል።

አንዳንድ ወንድሞች «አደራ የተቀበለ ሰው ካጠፋ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ አለዚያ ማንም ተግቶ አይጠብቅም» ይሉን ይሆናል። እውነታቸውን ነው፤ እኛም መጠየቅ ይቅር አላልንም። ጓደኛችን ያችን ኳስ መያዝ ነበረበት፤ እርሱም አልካደም። ነገር ግን መጠየቅና ማዋረድ ይለያያሉ። መጨረሻ መሆንና ምክንያት መሆንም ይለያያሉ። ኳሷ በረኛው ዘንድ ከመድረሷ በፊት በዐሥራችን መካከል አልፋለች። መቺውን ለብቻው የተውነው እኛ ነበርን። ጥፋታችን ስላልታየ የሁላችንንም ድርሻ መጨረሻ ላይ ለቆመው አሸከምነው።

በቤታችንም፣ በሥራ ቦታም እንዲህ ያሉ በረኞች ሞልተዋል። ልጇ እንዳይታመም ውኃ የምታፈላ እናት፣ ሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ታካሚዋን ነቅታ የምታሳድር ነርስ፤ እነዚህ ሁሉ ስማቸው የሚነሣው አንድ ቀን ሲሳሳቱ ነው። እንዳይሳሳቱ ሆነው ያለፉት ሺህ ቀናት ግን ያልተጻፉ ናቸው።

ውድ አንባብያን፣ መልሳችን ይህ ነው፤ ሰውን ባመለጠው መመዘን የሚገባ የሚሆነው የያዘውንም የቆጠርን እንደ ሆነ ብቻ ነው። ሳንቆጥር መፍረድ ግን ፍርድ አይባልም። ከዚህም የተነሣ በቅዳሜው ጨዋታ ከልጆቹ አንዱ ተራ በተራ ከበሩ ጀርባ ተቀምጦ በረኛው ያዳነውን በደብተር እንዲጽፍ ተስማምተናል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ገባ፤ ዐሥራ አንድ ዳነ። ዐሥራ አንዱን ስናይ ሁላችንም ዝም አልን።

ጓደኛችን ወደ ሜዳው ገና አልተመለሰም። ጥያቄውን ግን አልረሳንም፤ የስሬውንም ቀን መቁጠር ባንችል፣ አለመቁጠራችንን ለራሱ ነግረነዋል።