ሥልጣን ለአገልግሎት፤ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳን ስናስብ



«ፖለቲካንና ኮረንቲን በሩቁ» የሚለው አባባል በአርባ ምንጭ ከተማም በጨንቻ ደጋም የሚሰማ ነው። ብዙዎቻችን የሕዝብ እንደራሴ መሆንን ነፍስን ለአደጋ እንደ መስጠት እንቆጥረዋለን፤ ልጆቻችንንም ከዚያ መንገድ እንመልሳለን። ፍርሃቱ ከመከራ የተገኘ ስለሆነ አንንቀውም። ሆኖም ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ ታላቅነት ሲያስተምር አለቅነትን አላስቀረም፤ አለቃው አገልጋይ እንዲሆን አዘዘ እንጂ። ስለዚህ በዚህ ዕትም የአንድን ሟች እንደራሴ ሕይወት ልናስብ ወደድን።

ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1935 ዓ.ም. በደምቢ ዶሎ ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ጊዳዳ ሶለን በልጅነታቸው በፈንጣጣ ሕመም የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ፣ ሆኖም ዕድሜያቸውን በሙሉ ወንጌልን ሲሰብኩ የኖሩ የፕሮቴስታንት እምነት አገልጋይ ነበሩ። ቤተሰቡ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበረም፤ በጎ ሥራን ግን ባገኘንበት ሁሉ ማክበር ይገባናል። ነጋሶ በፍራንክፈርት ታሪክ አጥንተው የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ በሰብሳቢነት መሩ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የፌዴራላዊት ዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ መስከረም 1994 ዓ.ም. ድረስም በዚሁ ሥልጣን ቆዩ።

እኛን ይበልጥ የሚነካን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 255 ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ካልራቀ መኖሪያውን፣ መኪናውንና ሌላውን ጥቅሙን እንዲያጣ ይደነግግ ነበር። ዝም ቢሉ ኖሮ በምቾት ይጦሩ ነበር። እርሳቸው ግን በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በትውልድ ቦታቸው በግል ተወዳደሩ፤ አሸነፉም። ጥቅማ ጥቅሙ ተቋረጠባቸው። ርእሰ ብሔር የነበሩት ሰው 547 መቀመጫዎች ባሉት ምክር ቤት ከእንደራሴዎች እንደ አንዱ ሆነው ተቀመጡ።

ለጋሞ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በደጋው በዱቡሻ የሚሾመው ሀላቃ ድግሱን ደግሶ፣ ከብቱንና እህሉን ለሕዝብ አውጥቶ ነው የሚከበረው፤ ሹመቱ ሀብቱን ያጎድልበታል እንጂ አያካብትለትም። አያቶቻችን ወንጌል ሳይደርሳቸው ይህን ያህል ማወቃቸው ያስደንቀናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የተገደሉት ወገኖቻችን ሐዘን ወጣቶችን ለበቀል ባነሣሣ ጊዜም የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ ጎዳና መንበርከካቸውን ማን ይረሳል? እነርሱም የሕዝብ እንደራሴዎች ነበሩ፤ ደመወዝና ወንበር ግን አልነበራቸውም።

ዶክተር ነጋሶ እንከን አልነበረባቸውም ለማለት አንደፍርም። ለዓመታት ያገለገሉት መንግሥት ብዙዎችን እንዳሳዘነ ሁላችን እናውቃለን፤ እርሳቸውም በኋላ በብርቱ ከተቹት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2000 የፖለቲከኞች ጠባቂ ብላ የሰየመችው ቅዱስ ቶማስ ሞርም የንጉሥ ባለሟል ነበር፤ ኅሊናውን ከሹመቱ አስቀድሞ አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ። የነጋሶ ዋጋ የዚያን ያህል አልነበረም፤ ነገር ግን ቤትን፣ መኪናንና የሕክምና ዋስትናን መተው በሽምግልና ዘመን ቀላል አይደለም።

ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ በጀርመን አገር ሳሉ በ75 ዓመታቸው አረፉ።

በየቁምስናው ያላችሁ ካቴኪስቶች በሚመጣው ሩብ ዓመት በምእመናን ጸሎት ጊዜ በክልልና በፌዴራል ምክር ቤቶች ስላሉት እንደራሴዎች፣ እንዲሁም በዚህ አገልግሎት ደክመው ስላረፉት ሁሉ አንድ ልመና እንድታክሉ እንለምናችኋለን። ወጣቶቹንም ከመካከላቸው ለዚህ ሥራ የታጨ ሰው እንዳለ ጠይቋቸው።